ፌርማታ ዜሮ

ዝርዝሩ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ሆኖ ጠበቀኝ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ መጽሐፍ ሰፍሮበታል፤ ሁሉም አውስትራሊያውያን ደራሲዎች ለወጣቶች የጻፏቸው ልብ ወለዶች ናቸው። ከእያንዳንዱ ርዕስ ጎን ኮምፒዩተሩ ያንኑ ቃል ደግሞታል፦ «በአምስት ዓመት ውስጥ የተዋሰው የለም»።

በእኛ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ «ተሰርዟል» የሚል ማኅተም ይመታበትና ወደ ወረቀት ፋብሪካ ይሄዳል። ደንቡን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ወደ ኩራቢን፣ ወደዚች የአውስትራሊያ የገጠር ከተማ፣ በመጣሁበት ዓመት። ያኔ ነገር ሁሉ በደንብ የሚስተካከል ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ርዕሰ መምህራችን ሮስ ፔንጌሊ በሩን ተደግፎ ቆሞ መደርደሪያው እስከ ዓርብ ባዶ እንዲሆን ሲጠይቀኝ በራሴ ደንብ ያዘኝ። አንድ የእህል ዘር ነጋዴ ድርጅት አሥራ አራት ካርቶን አዲስ መጽሐፍ በስጦታ ልኳል። ከባሕር ማዶ የመጡ፣ ሽፋናቸው የሚያብረቀርቅ፣ ክንፍ ያላቸው ልዕልቶችና ዙፋን የተቀሙ መሳፍንት ያሉባቸው ተከታታዮች ናቸው። እነሱን አልጠላም። የሚቀመጡበት ግን የለም።

ሮስ የመጣው አምና ከባሕር ዳርቻ ነው። የሒሳብ መምህር ነበር፤ አሁንም ነው፤ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ የሚቆጥር ይመስለኛል። ክፉ ሰው ግን አይደለም።

«ቁጥር አምጪልኝ፣ ሔዘር» አለኝ። «ሰው እንደሚያነባቸው የሚያሳይ ቁጥር ካመጣሽ ጣቴን አላነሳባቸውም።»

ቁጥር የለኝም አልኩትና ፈረምኩ።

እውነቱን ለመናገር ቁጥር ባይኖረኝም ታሪክ ነበረኝ። ታሪኩን ለመንገር ግን አንድ ስም መጥራት ነበረብኝ፤ ያንን ስም ደግሞ በሥራ ቦታዬ ካልጠራሁት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል።

ባለቤቴ ክላይቭ የደቡብ መስመር የተማሪዎች አውቶብስ ሾፌር ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር ተነስቶ በስንዴውና በጎመን ዘሩ ማሳ መሀል እስከ ጨው ሐይቁ የሚወስደው መንገድ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ልጆቹ ከመሰላቸት ብዛት እርስ በርስ ሊበላሉ ነው አለና መጽሐፍ ለመነኝ። አንድ ሰማያዊ የወተት ሳጥን ሞልቼ ላኩለት። ከዚያ በፊት ግን ተጨቃጭቀናል። እኔ እያንዳንዱ መጽሐፍ በማን ስም እንደወጣ ይመዝገብ አልኩ። እሱ አሻፈረኝ አለ።

«ስሙ የተጻፈበት ልጅ መጽሐፉን የቤት ሥራ ነው የሚያደርገው» አለኝ። «ዝም ብሎ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ። የፈለገ ያንብብ፣ ያልፈለገ በመስኮት በግ ይቁጠር።»

ተሸነፍኩ። የራሴን ደንብ ስጥስ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ክላይቭ በየሳምንቱ ዓርብ የተነበቡትን ይመልስልኛል፣ ሌላ ይጭናል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ምንም አያውቅም። ሳጥኑን በአገራችን ልብ ወለዶች የሞላሁትም ለትልቅ ዓላማ አልነበረም። የከተማው ልጆች ስለማይጠይቋቸው ቢጎድሉ የሚናፍቃቸው የለም ብዬ ነው። በየዓመቱ የሚወገዱት መጻሕፍት ዝርዝር ሲወጣ ያንን መደርደሪያ በእጄ ከዝርዝሩ አወጣው ነበር፤ ሮስ እስኪመጣ ለምን ብሎ የጠየቀኝም አልነበረም።

ክላይቭ ካረፈ በኋላ ሳጥኑን አልጠየቅሁም። አውቶብሱን ሎሬይን ተረከበችው፤ ሳጥኑ ከአሮጌ ጎማ ጋር የሆነ ጥግ ተጥሏል ብዬ ደመደምኩ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ አውቶብሱ ወደ ግቢው ሲገባ እኔ ሁልጊዜ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አንድ የምሠራው ነገር አላጣም። ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም።

ማክሰኞ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቴጋን መጣች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በኔትቦል የፍጻሜ ጨዋታ ቀኝ እጇ ተሰብሮ ጀሶ ታስሮበታል፤ ጀሶው ላይ ግማሹ ትምህርት ቤት ፈርሞበታል። ለመሮጥ ባትችልም ማኅተም ለመምታት ግራ እጅ ይበቃል ብለው ላኩልኝ። ማኅተሙን፣ ቀለሙንና የመጀመሪያውን ጋሪ መጽሐፍ ሰጥቼያት ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

የማኅተም ድምፅ ግን አልሰማሁም። ቀና ስል አንዱን መጽሐፍ ከኋላው ገልጣ ተቀምጣለች።

«እጅሽን አመመሽ?» አልኳት።

«እጄ ደህና ነው፣ ሚስ። ይሄን ማተም ግን አልችልም። ፌርማታ አሥራ ሁለት ገና አላነበበችውም።»

ተናግራ ሳትጨርስ ፊቷ ቀላ። ማኅተሙን አስቀመጠችና ጀሶዋን መፋቅ ጀመረች።

«ለሎሬይን እንዳይነግሩብኝ» አለች።

መጽሐፉን ተቀበልኳት። ከኮምፒዩተር በፊት በእያንዳንዱ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ የተሰመረ ወረቀት እንለጥፍ ነበር፤ የመመለሻውን ቀን የምናትምበት። ኮምፒዩተሩ ከመጣ ወዲህ ያንን ወረቀት አይቼው አላውቅም። መጽሐፍ ስመልስ ጀርባውን እንጂ ሆዱን አላይም። አሁን ሳየው በቀኑ ፈንታ በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች ተደርድረዋል። አራት። ዘጠኝ። ዜሮ። ሰባት። እንደገና አራት፣ በሌላ የእጅ ጽሑፍ። ከአብዛኞቹ ጎን ራይት ተደርጓል።

ቴጋን ደንቡን አስረዳችኝ። ስም አይጻፍም። ማንኛውም ልጅ የሚወርድበትን ፌርማታ ቁጥር ይጽፋል። ሲጨርሰው ራይት ያደርጋል። ካልጨረሰው ባዶውን ይተወዋል፤ ያ ነውር አይደለም። ካልተጨረሰ ግን ተራው ያለፈበት ልጅ ለሌላው ማስረከቡን በአፉ መናገር አለበት፤ ሳይናገር ሌላ ቁጥር ከሥሩ አይገባም።

«የማን ደንብ ነው?» አልኳት፣ የማውቀውን ነገር።

ጀሶዋን እያየች «የክላይቭ» አለች።

ከዚያ ሌላውን ሁሉ ነገረችኝ። ሳጥኑ አንድ ቀን እንኳ ከአውቶብሱ አልወረደም። ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ እኔ የመምህራን ስብሰባ ላይ ስሆን፣ ሁለት ልጆች የስፖርት ቦርሳ ይዘው በጎን በር ይገባሉ። የተነበበውን ወደ ቦታው ይመልሳሉ፤ አዲስ ያወጣሉ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ። መጻሕፍቱ ሲጠፉና ሲመለሱ እኔም አይቼ ነበር። ግን የጠረጠርኩት ራሴን ነው። በዚያ ሰሞን የሻይ ማንቆርቆሪያዬን ፍሪጅ ውስጥ ያገኘሁ ሴት ነኝ፤ መጽሐፍ ያለቦታው ብታገኝ ማንን ትከሳለች?

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ሎሬይን ናት። ‹ሚስ ስለ አውቶብሱ መስማት ስትፈልግ በእግሯ ትመጣለች፤ እስከዚያ እንዳታስቸግሯት› አለችን።»

እስክሪብቶ ላምጣ ብዬ ዕቃ ቤት ገባሁ። እስክሪብቶው በእጄ ነበር። ስመለስ ቴጋን ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ከትታ፣ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ከኋላቸው እየገለጠች ትጠብቀኛለች። አልገሠጽኳትም። አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አብረን መቁጠር ያዝን።

መደርደሪያው ላይ ያሉት መቶ ስድሳ ስምንት ነበሩ፤ የቀሩት አርባ ሦስቱ አውቶብሱ ላይ ናቸው። ወረቀቱ ባዶ የሆነ መጽሐፍ አላገኘንም። ሃያና ሠላሳ ቁጥር የተሸከሙ፣ ወረቀቱ ሞልቶ ተጨማሪ የተለጠፈባቸውም አሉ። ኮምፒዩተሩ ሙት ያላቸው መጻሕፍት ከሁሉ በላይ የተነበቡት ነበሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኔ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም መጽሐፍ ላይ ዜሮ አለ፤ ከጎኑም ራይት። የአውቶብሱ ፌርማታዎች ከአንድ እስከ አሥራ አራት ናቸው።

«ዜሮ የት ነው?» አልኳት።

ቴጋን ጀሶዋ ላይ ያለ አንድ ፊርማ በጥንቃቄ አነበበች። «ሎሬይንን ይጠይቋት» አለች።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ዕቃ ቤት አልገባሁም። ባርኔጣዬን አድርጌ ወደ በሩ ሄድኩ። ከደረጃው እስከ አውቶብሱ አርባ እርምጃ ያህል ነው። ሎሬይን መሪው ላይ ተደግፋ ሳንድዊች ትበላለች፤ ስልሳ ሊሞላት ነው፣ የስንዴ ገበሬ ሚስት ናት፣ ድምጿ ከእህል ጎተራው ማዶ ይሰማል። እኔን ስታይ ማኘኳን አላቆመችም።

«ትገቢያለሽ ወይስ እዚያው ትቆሚያለሽ?» አለችኝ። «የአየር ማቀዝቀዣው የሚሠራው ለስንዴው አይደለም።»

ገባሁ። ሰማያዊው ሳጥን ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ በገመድ ታስሯል። የገመዱን አስተሳሰር አውቀዋለሁ።

ልጆቹ እየገቡ እኔን ሲያዩ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ሃያ ስድስት ልጅ ጸጥ ሲል አውቶብስ የቤተ ክርስቲያን ያህል ይከብዳል። ቴጋን ከኋላ ወንበር «ታውቃለች፣ ተንፍሱ» አለቻቸው። ተነፈሱ። የእህል ጎተራውን ሳናልፍ ጫጫታው ወደ ቦታው ተመለሰ።

መጻሕፍቱ አደጋ ላይ መሆናቸውን ቴጋን ቀድማ ነግራቸዋለች። ስለዚህ እስከ ፌርማታ አምስት ድረስ እኔን ለማሳመን የሚሽቀዳደሙ ጠበቆች መሀል ነበርኩ፤ ማሳመን የሚያስፈልገው እኔን እንዳልሆነ ለማስረዳት ጊዜ አልሰጡኝም። አንዱ እነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሰው ሲሞት እንኳ ቀልድ አለ አለ፤ የአያቱን ቀብር አስታወሰ፤ እዚያም አጎቱ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ የቀለደውን ነገረን፤ ሎሬይን በሳቅ ማርሽ ተሳሳተች። ሌላዋ የወደደችው በመጻሕፍቱ ውስጥ ያሉትን አባቶች ነው። በሌሎቹ መጻሕፍት አባት ልጁን አቅፎ እወድሃለሁ ይላል፤ በእነዚህ ግን ወጥቶ የልጁን ብስክሌት ሰንሰለት ዘይት ይቀባል፤ ነገሩ ያው ነው፣ ግን ይሄኛውን አውቀዋለሁ አለች። ስለ መጻሕፍቱ አጨራረስ ግን ተጣሉ። ግማሾቹ መጨረሻው ስለማይዘጋ ያናድዳል አሉ። ግማሾቹ መዝጋትማ ማንም ይዘጋል አሉ።

የፌርማታ አሥራ ሁለቷ ልጅ ጉርሊን ትባላለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ከፑንጃብ መጥተው፣ ከተማ ውስጥ ጥቂት ቆይተው፣ ከሁለት ዓመት በፊት በዋናው መንገድ ላይ ያለውን የከባድ መኪናዎች ማረፊያ ገዝተዋል። እስከ ፌርማታ አሥር ድረስ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ከዚያ ትከሻዬን በአንድ ጣት ነካችኝ።

«ያቺ የውኃ ቦቴ የምትነዳው ልጅ ያለችበት መጽሐፍ» አለችኝ። «ሊጥሉት ነው?»

በድርቁ ዓመት አባቷ ሲታመም ያለ መንጃ ፈቃድ ቦቴውን ይዛ ለጎረቤት ውኃ የምታድል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ቴጋን ማተም ያቃታት እሱ ነበር።

«አንብበሽዋል?»

«ገና። ተራዬ ነው። ፌርማታ ዘጠኝ ግን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰምቻለሁ።» በጣቷ መስኮቱን አመለከተች። «ስንመጣ እናቴ እዚህ አገር ምንም የሚሆን ነገር የለም ትል ነበር። እኔም በመስኮት ሳይ ምንም አይታየኝም ነበር፤ ስንዴ ብቻ። ያንን ከሰማሁ በኋላ በየመንገዱ ውኃ ጫኝ መኪና ሳይ ማን ነው የሚነዳው እላለሁ። እዚያ ውስጥ እንደ እኔ ያለ ሰው የለም። ሙቀቱ ግን የእኛው ሙቀት ነው።»

አንዱ ከኋላ «እንደ አንቺ ያለ ሰው ያለበትን አንቺ ጻፊዋ» አላት። «ዝም በል፣ አንተ ራይት ያደረግከው የማታውቀው መጽሐፍ ላይ ነው» አለችው፣ ሳትዞር። ፌርማታ አሥራ ሁለት ላይ ወረደች። የመጽሐፉ ተራ እንደሚጠበቅላት ቃል ገባሁላት። ቃሌን እንዴት እንደምጠብቅ ገና አላውቅም ነበር።

ከፌርማታ አሥራ አራት በኋላ አውቶብሱ ባዶ ሆነ። ሎሬይን ጨው ሐይቁ ዳር ካለው መዞሪያ ላይ አቆመችና ሞተሩን አጠፋች። ሐይቁ በጥቅምት ሮዝ ይሆናል፤ ጠርዙ ላይ ነጭ ጨው ይጋግራል። ክላይቭ ሁልጊዜ እዚህ ግማሽ ሰዓት ይቆም ነበር። ወደ ቤት ሲመጣ ለምን እንደዘገየ ስጠይቀው ሞተሩ እስኪበርድ ይለኛል። አምኜው ኖሬያለሁ። ይህንን ለሎሬይን ነገርኳት።

«ይሄ ሞተር በዕድሜው ሞቆ አያውቅም» አለችኝ። ከወንበሯ ዞራ ሳጥኑን በእጇ መታ መታ አደረገችው። «ዜሮ አውቶብሱ የሚያድርበት ግቢ ነው። ከአንደኛው ፌርማታ በፊት ያለው።»

አውቶብሱ ያኔ የሚያድረው በእኛ ግቢ፣ ከቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር ነበር።

ክላይቭ ልብ ወለድ አያነብም ነበር። ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ብሏል፤ ከጋዜጣ የስፖርት ገጽ ሌላ አልነካም ይል ነበር። እኔም እቀልድበት ነበር፤ አንዳንዴ ቀልዱ ከሚገባው በላይ ይረዝማል። አሁን ግን መደርደሪያው ላይ ያየኋቸው ዜሮዎች ሁሉ፣ ሁሉም ከነራይታቸው፣ አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ።

«ለምን ደበቀኝ?» አልኳት።

«ፈርቶሽ ነዋ» አለች ሎሬይን። «‹ብነግራት ጭብጡ ምንድን ነው ብላ ትጠይቀኛለች› ይል ነበር።»

መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ሎሬይን ተከተለችኝ። እጠይቀው ነበር፤ እሱማ እውነት ነው። ሐይቁን እያየን ጥቂት ተቀመጥን።

ከዚያ ከሳጥኑ ሥር አንድ መጽሐፍ አወጣችና ጭኔ ላይ አኖረችው። ሁለት ወንድማማቾች እናታቸው ከሞተች በኋላ የአባታቸውን በጎች ሊሸጡ ረጅም መንገድ የሚሄዱበት ነው። ወረቀቱ ላይ የመጨረሻው ቁጥር ዜሮ ነው። ራይት የለውም። ከሥሩም ማንም አልጻፈም።

«በአፉ አላስረከበማ» አለች። «ልጆቹ ከዚያ ወዲህ አልነኩትም።»

መሀሉ ላይ የአንድ ገጽ ጥግ ታጥፏል። ገጽ ማጠፍ ነውር ነው ብዬ ለዓመታት የጨቀጨቅሁት ሰው ያጠፈው ነው። ሎሬይን ቤቴ በር ላይ አወረደችኝ። «ነገ እዚያች ዕቃ ቤትሽ ውስጥ ባትደበቂ ደስ ይለኛል» ብላ በሩን ዘጋች።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሮስ ቢሮ ገባሁና የሳጥኑንም ጨምሮ የቆጠራውን ወረቀት አስቀመጥኩ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰባት ንባብ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ፣ ከአንድ አውቶብስ። ሁለት ጊዜ ደመረው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ፤ ደስ ሲለው እንደዚያ ያደርጋል።

«ከቀረው ቤተ መጻሕፍት ይበልጣል እኮ» አለ። «ለምን ኮምፒዩተሩ ላይ የለም?»

«ባለቤቴ ስም እንዲጻፍ ስላልፈለገ ነው» አልኩት። «ሾፌሩ እሱ ነበር። ክላይቭ ይባላል።»

ድምፄ እንደፈራሁት አልሆነም። ሮስ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ይቅርታ ወይም ማጽናኛ እንዳይናገር ጸለይኩ፤ አልተናገረም።

«እሺ፤ ግን ምናቸው ነው የሚስበው?» አለኝ። «እውነቴን ነው የምጠይቅሽ። ልጆቼ ያንን ባለ ክንፉን ነው የሚያነቡት።»

ለዚህ ጥያቄ ሃያ ዓመት ያጠራቀምኩት ትምህርታዊ መልስ ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ አውቶብሱ ነው። ባለ ክንፉም ጥሩ ነው አልኩት፤ ልጅ አንዳንዴ ከቤቱ መብረር አለበት። እነዚህ ደግሞ ወደ ቤት የሚመልሱት ናቸው። የኛ ሰው ሐዘኑን ሆድ ይፍጀው ብሎ ሻይ ይጥዳል፤ ልጆቹ ያንን ዝምታ በየቤታቸው ያዩታል፣ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራቸው ግን የለም። እነዚህ ጸሐፊዎች ልጅን ከላይ ወደ ታች አያናግሩም፤ የሚያድን ጠንቋይ አይልኩለትም፤ ከጎኑ ተቀምጠው አብረውት ያያሉ። ደግሞ የስንዴ አገር ልጅ በእነዚህ መጻሕፍት በከተማው ዳር የስደተኛ ዳቦ ቤት ውስጥ ገብቶ ይወጣል፤ የምድሪቱ ነባር ሕዝብ ልጅ የአያቷን ታሪክ በራሷ አፍ ስትነግረው ይሰማል፤ ያ ሁሉ ከፌርማታ ሦስት እስከ ፌርማታ አሥራ አንድ ባለው መንገድ ውስጥ ነው።

ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ሮስም ገርሞታል መሰለኝ፤ ያቺን ዝርዝር ለሁለት ቀደዳት።

«አሥራ አራቱን ካርቶን ግን የት ላድርገው?»

«የሰሜን መስመር አውቶብስ ሳጥን የለውም» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ከቴጋን ጋር ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ አዲስ ተዋሽ መዘገብን። ስም በሚለው ቦታ ላይ «የደቡብ አውቶብስ» ብለን ጻፍን። የትውልድ ቀን ሲጠይቀን ክላይቭ መጽሐፍ የለመነኝን ያቺን እሑድ ሰጠነው። የልጆቹ ስም የትም አልገባም።

«አውቶብሱ መጽሐፍ ካዘገየ ወላጅ ያስጠሩበታል?» አለችኝ ቴጋን።

«አንቺን አስጠራለሁ» አልኳት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ወንበሬን አውጥቼ ከቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር አደረግሁ። አውቶብሱ ይቆምበት የነበረው መሬት ላይ አሁን ሣር በቅሏል። መጽሐፉን ድሮ ለሥራዬ ብዬ አንብቤዋለሁ፤ መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ቢሆንም ከታጠፈው ገጽ ጀመርኩ። ታላቅየው ታናሹን ስለ እናታቸው ምንም አይጠይቀውም፤ የሻይ ስኳሩን ብቻ ከራሱ ድርሻ ይጨምርለታል። ሁለት ቦታ ላይ ክላይቭ የት እንደሚስቅ አወቅሁ። በጎቹ ይሸጣሉ፤ ልጆቹ ወደ ቤት ይነሳሉ፤ መድረሳቸውን ግን ደራሲው አይነግረንም፣ የቤታቸው ውሻ ጩኸት ከሩቅ ይሰማና ያበቃል። ጭብጡ ምንድን ነው ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም።

የታጠፈውን ጥግ እንዳለ ተውኩት። እርሳስ አምጥቼ ከዜሮው ጎን ራይት አደረግሁለት።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ መጽሐፉን ወደ አውቶብሱ ይዤ ሄድኩና፣ ጨርሰናል፣ ማንም መውሰድ ይችላል ብዬ በአፌ ተናገርኩ። ሐሙስ ዕለት ሳጥኑን ስፈትሽ መጽሐፉ አልነበረም። ከፌርማታ አሥራ ሁለት ጋር ወርዷል።